የማን ግራ? የጀልባ ቃላትን በእንጨት የመማር ማስታወሻ

መጋቢት 13፣ ቅዳሜ

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ታናሽ እህቴ ናት፣ ከካናዳ፣ ኦንታርዮ። እነሱ ዘንድ ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው። በዚህ ሰዓት ስትደውል እደነግጣለሁ። ስለምታውቅ ገና «ሃሎ» ሳልል «ጋሼ፣ ደህና ነኝ፣ አትደንግጥ» አለች።

ባለቤቷ ያገለገለች የሞተር ጀልባ ገዝቷል። አምስት ሜትር ገደማ ናት። በጋቸው ሲገባ ሐይቅ ላይ ሊዝናኑባት አስበዋል። እዚያ አገር ሞተር ያላትን የመዝናኛ ጀልባ የሚነዳ ሰው ችሎታውን የሚያሳይ ካርድ ሊኖረው ግድ ነው። እሱ ፈተናውን ወስዶ ካርዱን ይዟል። እሷም ልትወስድ ቆርጣለች። «እሱ ውኃ ውስጥ ቢወድቅ ማን ይመልሰዋል? እንደ ዕቃ ተጭኜ መሄድ አልፈልግም» አለችኝ። እውነቷን ነው።

ፈተናው 50 ጥያቄ አለው። ለማለፍ 75 በመቶ ያስፈልጋል፤ ማለትም ቢያንስ 38ቱን መመለስ አለባት። እንግሊዝኛዋ ጥሩ ነው። ውላ የምታመሸው በሱ ነው። ያስቸገራት የጀልባው ቋንቋ ነው። ቦው፣ ስተርን፣ ፖርት፣ ስታርቦርድ፣ ቢም፣ ድራፍት፣ ፍሪቦርድ፣ ትራንሰም። «ማታ ሳነበው ይገባኛል፤ ሲነጋ የለም» አለች።

እኔ ደሴ ውስጥ የእንጨት ሥራ ቤት አለኝ። በር፣ መስኮት፣ አልጋ እሠራለሁ። ተለማማጅ ልጅ ሲመጣልኝ መቃንና ጉበንን በወረቀት ጽፎ አያጠናም። ተሸክሞ፣ ለክቶ፣ አንዴ አበላሽቶ ነው የሚያውቀው። ከዚያ በኋላ ቃሉ ከእጁ አይወጣም። ስለዚህ «ቃሎቹን በሙሉ ላኪልኝ፣ ጀልባዋን እሠራታለሁ» አልኳት። መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥላ «እውነትህን ነው?» አለች። እውነቴን ነው።

መጋቢት 15

የእነሱ ጀልባ 5 ሜትር ብትሆን የእኔ 50 ሴንቲ ሜትር ትሆናለች። አንድ አሥረኛ። ወርዷ 18 ሴንቲ፣ የጎኗ ከፍታ 10 ሴንቲ። ለጎኖቹ ቀጭን ኮምፔርሳቶ፣ ለታችኛው አጥንት ባሕር ዛፍ።

ባሕር ዛፍ የሚለው ስም ሁሌ ያስገርመኛል። ባሕር ተሻግሮ ስለመጣ ነው እንዲህ የተባለው። የድሮ ሰዎች በቆሎንም ባሕር ማሽላ ይሉት ነበር። ለእኛ ለደጋ ሰዎች ባሕር ነገር የሚመጣበት አቅጣጫ ነው። ጀልባ፣ መርከብ፣ መቅዘፊያ፣ መልህቅ፣ ሸራ፣ ወደብ የሚሉ ቃላት አሉን። የጀልባዋን አካል ብልት በብልት መጥራት ስንጀምር ግን ያጥረናል። በጣና የደንገል ታንኳ የሚሠሩትን ሰዎች አንድ ቀን ሄጄ መጠየቅ እፈልጋለሁ። እነሱ ለእያንዳንዷ እጥፋት ስም እንደሚኖራቸው አምናለሁ።

ዛሬ በእጄ ያለፉት ቃላት እነዚህ ናቸው። ኪል ከታች ከፊት እስከ ኋላ የሚሄደው አጥንት ነው። እንደ ሰው አከርካሪ። ኸል ወለሏንና ጎኖቿን የያዘው ጠቅላላ ገላዋ ነው። ቢም ማለት በሰፊው ቦታዋ ላይ የተለካ ወርዷ ነው። ትራንሰም ከኋላ ያለው ጠፍጣፋ ሳንቃ ነው፤ ሞተሩ የሚንጠለጠለው እሱ ላይ ነው። የጎኗ የላይኛው ጠርዝ ደግሞ ሲጻፍ ገንዌል ይመስላል፣ ሲነገር ግን ገነል ነው። ድሮ በጦር መርከቦች ላይ መድፍ የሚያርፍበት ጠርዝ ስለነበር ነው ስሙ። እህቴ ለሁለት ሳምንት ሁለት የተለያዩ ቃላት መስለዋት ነበር።

መጋቢት 20

በሳፋ ውኃ ላይ አስቀመጥኳት። ለአሥር ደቂቃ ያህል ቆንጆ ሆና ተንሳፈፈች። ከዚያ ከታች ጥጉ ላይ ነጭ ነገር መውጣት ጀመረ። ነጩ የእንጨት ኮላ እየሟሟ ነው። አልጋ ስሠራ ውኃ አስቤ ስለማላውቅ እጄ የለመደውን አነሳሁ። ወለሉ ተላቀቀ፣ ውኃው ገባ።

ውኃው የተጠራቀመበት ከወለሉ ሥር ያለው ዝቅተኛ ቦታ ቢልጅ ይባላል። ይኼንን ቃል ሁለታችንም ከዛሬ በኋላ አንረሳውም። ፎቶውን ልኬላት «አየሁት፣ ገባኝ» ብላ መለሰች። እዚያ ጀልባ ላይ የውኃ መጥለቂያ ዕቃ ወይም ፓምፕ መያዝም የግድ ነው።

መጋቢት 22

ሁለት ቱቦ ተደባልቆ የሚሠራውን ኤፖክሲ ገዛሁ። መጋጠሚያውን በብርጭቆ ወረቀት አጸዳሁ። አጣብቄ በሞርሳ አሰርኳት፣ አሳደርኳት። በላዩ ሁለት እጅ የዘይት ቀለም። አሁን ጠብታ አይገባም።

ዛሬ ድራፍትና ፍሪቦርድን ለካን። እህቴ በቪዲዮ እያየች፣ እኔ ማስመሪያ ይዤ። ድራፍት ማለት ከውኃው ወለል እስከ ጀልባዋ የመጨረሻ ታች ድረስ ያለው ነው፤ የጠለቀው ክፍል። ፍሪቦርድ ከውኃው ወለል በላይ እስከ ጠርዟ ያለው ደረቅ ክፍል ነው። ባዶዋን 3 ሴንቲ ጠለቀች፣ 7 ሴንቲ ደረቅ ቀረ። ሁለት ኪሎ ስኳር ጫንኩባት። 6 ጠለቀች፣ 4 ቀረ። አንዱ ሲጨምር ሌላው ይቀንሳል፤ ድምራቸው ያው አሥር ነው።

ስኳሩን ወደ አንድ ጎን ገፋ አደረግኩት። ዘመም አለች። ትንሽ ጨመርኩ። ጠርዟ ውኃ ነካ፣ ከዚያ በኋላ ምንም ጊዜ አልወሰደባትም። እህቴ ዝም አለች። ቆይታ «ልጆቹ ሁሉ አንድ ጎን ቆመው ዓሣ ሊያዩ ሲንጠራሩ እንዲህ ነው አይደል?» አለች። አዎ። ለፈተናው ከምታጠናበት መጽሐፍ «ጭነትን አመጣጥን» የሚለውን አንብባ ነበር። አሁን ግን በዓይኗ አየችው።

መጋቢት 27

ወደ ዋናው ነገር መጣን። ፖርትና ስታርቦርድ።

ፖርት ግራ ነው፣ ስታርቦርድ ቀኝ ነው። ይኼን ለመሸምደድ አንድ ደቂቃ ይበቃል። እህቴ የጠየቀችኝ ግን ሌላ ነው። «ግራ ካሉት ግራ አይሉትም? ለምን አዲስ ስም አስፈለገው?» ጥያቄዋ ሁለት ቀን አብሮኝ ዋለ።

የቃሉ ታሪክ ይኼ ነው። ጥንት የሰሜን አውሮፓ መርከቦች መሪያቸው ከኋላ መሃል ላይ አልነበረም። በቀኝ ጎን የተንጠለጠለ ትልቅ መቅዘፊያ ነበር። ስለዚህ ቀኙ የመሪው ጎን ተባለ፤ ስታርቦርድ የሚለው ቃል ከዚያ ወጣ። ወደብ ሲደርሱ መሪው በግንቡና በመርከቧ መሃል እንዳይጨፈለቅ በግራ ጎናቸው ይጠጉ ነበር። ግራው የወደብ ጎን ሆነ፣ ፖርት። በመሃል ግራውን ላርቦርድ ይሉት ነበር። በነፋስና በማዕበል ውስጥ ላርቦርድና ስታርቦርድ ተብሎ ሲጮህ ጆሮ ላይ አንድ ይመስላል። በ1844 የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ላርቦርድ ቀርቶ ፖርት እንዲባል አዘዘ።

ታሪኩን ነገርኳት። ወደደችው። ግን ጥያቄዋን ገና አልመለስኩትም።

ለጊዜው ቀለም ቀባሁ። በግራ ጎን ቀይ፣ በቀኝ ጎን አረንጓዴ። በማታ ጀልባ ላይ የሚበሩት መብራቶች እንዲሁ ናቸው። እዚህ ላይ አማርኛችን አታለለን። ቀይና ቀኝ ሁለቱም በ«ቀ» ይጀምራሉ። ምላሳችን ቀይን ከቀኝ ጋር ማጋጠም ይፈልጋል። እሷ በልምምድ ጥያቄ ላይ ሦስት ጊዜ የተሳሳተችው በዚህ ነው። የእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች የፊደል ብዛት እየቆጠሩ ያስታውሳሉ፤ ለእኛ አይሠራም። ስለዚህ የራሳችንን አበጀን። ልብ በግራ ነው፣ ልብ ደም ነው፣ ደም ቀይ ነው። ከዚያ ወዲህ አልተሳሳተችም።

ሚያዝያ 4

ጎረቤቴ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ፎርክሊፍት ይነዳል። ቅዳሜ ማታ ሥራ ቤቴ ብቅ ብሎ ጀልባዋን አየ። «ይቺ ደግሞ የት ልትሄድ ነው?» አለ። ነገርኩት። እህቴ የጠየቀችኝን ሌላ ጥያቄም ነገርኩት። መጽሐፉ «ጀልባ የሚዞረው ከኋላው ነው» ይላል። ለመኪና ሰው ግራ ያጋባል።

እሱ ምንም አልከበደውም። የፎርክሊፍት የሚዞሩት ጎማዎች የኋላዎቹ ናቸው። መሪውን ስታዞር ጭነቱ ያለበት ፊት ትንሽ ይዞራል፤ ኋላው ግን ሰፊ ቦታ ይጠርጋል። «መጀመሪያ የገባሁ ሰሞን ፊቴን እያየሁ በጅራቴ ኮንቴይነር ነክቻለሁ» አለኝ። ጀልባዋን አንስቶ በጠረጴዛዬ ጠርዝ አጠገብ አስጠጋት። ጠርዙ የጀልባ ማቆሚያ ግንብ ነው እንበል። አፍንጫዋን በኃይል ወደ ውጭ አዞረ። ኋላዋ ሄዶ ጠረጴዛውን ገጨ። ቀስ ብሎ፣ መጀመሪያ ትንሽ ራቅ አድርጎ፣ ከዚያ አዞረ። አልነካም።

ቪዲዮ ቀርጬ ላክሁላት። ፊቱ ቦው፣ ኋላው ስተርን። ስተርን የሚለው ቃል ለእሷ ከዛሬ ጀምሮ «የሚጠርገው ጅራት» ሆነ። አንድ ነገር ጨመረላት፦ ፍሬን የለም። ለማቆም ቀድሞ ጋዝ መልቀቅ፣ ካልበቃ በኋላ ማርሽ መጎተት ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት በከባድ መኪና ለወረደ ሰው ይኼ አዲስ ነገር አይደለም። ቀድሞ ማሰብ ነው።

ከሄደ በኋላ ቃሉን አሰብኩት። ወደብ። ባሕር የሌለበት ከተማ ውስጥ ሆኖ በየቀኑ «ወደብ ገባሁ» የሚል ሰው ነው የጀልባ ትምህርት የሰጠን። ደስ ብሎኛል።

ሚያዝያ 12፣ ፋሲካ

ሥራ የለም። አጎታችን ቤት መጡ። በደርግ ጊዜ ምጽዋ ባሕር ኃይል ነበሩ። ስለዚያ ዘመን ብዙ አያወሩም። ጀልባዋን ሳሎን አዩዋት። ወደ ብርሃን አቅርበው በዝምታ ዞር ዞር አደረጓት። «ፖርትና ስታርቦርድህ ትክክል ነው» አሉ።

ከዚያ የበጉን ገመድ አምጣ አሉኝ። በጉ ታርዷል፣ ገመዱ በር ላይ ቀርቷል። ቦውላይን የሚባለውን ቋጠሮ አሳዩን። መጀመሪያ ትንሽ ቀለበት ይሠራሉ። በአጭሩ ጫፍ ከታች ወደ ላይ በቀለበቱ ያወጣሉ፣ በረጅሙ ገመድ ጀርባ ያዞራሉ፣ ተመልሰው በዚያው ቀለበት ያስገባሉ፣ ይስባሉ። «በጉ ከበር ወጣ፣ ምሰሶውን ዞረ፣ በወጣበት በር ገባ» አሉ። የዚህ ቋጠሮ ደግነት ቀለበቱ ሲሳብ አይጠብም። ሰው ከውኃ ለመጎተት በብብቱ ሥር ብታስገባው አያንቀውም። ሥራው ሲያልቅ ደግሞ በቀላሉ ይፈታል። «በግም በዚህ ነው መታሰር ያለበት» አሉ አጎቴ። ስንት ጊዜ በተንሸራታች ቋጠሮ ያሰርነው በግ ሲያጣጥር አይተናል።

እህቴን ደወልንላት። ገመድ ስላጣች የመታጠቢያ ልብሷን ቀበቶ ይዛ መጣች። አጎታችን በስልክ «በጉ ወጣ…» እያሉ፣ እሷ እዚያ እያሰረች፣ አራት ጊዜ። በአምስተኛው ያዘላት። እናታችን በነበረች ብዬ አሰብኩ።

ሚያዝያ 18፣ ሐይቅ

ዛሬ ከውኃው ጋር ተገናኘሁ። ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሰዎች ከተማውንም ውኃውንም ሐይቅ ይሉታል፤ ሎጎ ሐይቅም ይባላል። ጧት ውኃው እንደ መስታወት ነበር። ማዶ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ዛፎች ይታያሉ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት ቦታ ነው። ድሮ ደሴት ነበር፣ አሁን ከየብስ ጋር ተያይዟል። ጥልቁ ቦታ 88 ሜትር ይደርሳል። ይኼን ቁጥር ይዤ ጀልባ ላይ ስወጣ ሆዴ ተንቀሳቀሰ። መዋኘት አልችልም። የሕይወት አድን ጃኬቱን ለብሼ፣ ማሰሪያውን ሁለት ጊዜ ፈትሼ ነው የተቀመጥኩት።

ጀልባዋ ሁለት መቅዘፊያ ያላት፣ አራት ሜትር ገደማ የምትሆን ነች። ባለቤቷ ወጣት ነው። «አብሽር ጋሼ፣ እኔ አለሁ» አለኝ። መቅዘፍ ልሞክር አልኩት። መሃል ላይ አስቀመጠኝ። እሱ ከኋላ ተቀመጠ።

የእህቴ ጥያቄ መልስ የመጣው እዚህ ነው።

በሁለት መቅዘፊያ የሚቀዝፍ ሰው ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ ነው የሚቀመጠው። ፊቱ ወደ ስተርን ነው። እሱ ደግሞ ከኋላ ወደ ፊት እያየ ነው። ፊት ለፊት ተያይተናል። «ወደ ግራ ጋሼ!» አለኝ። ወደ እኔ ግራ ሄድኩ። «አይ፣ ግራ! ግራ!» አጠነከርኩት። ሸምበቆው ውስጥ ገባን። ወፎቹ ተነሱ። የእሱ ግራ የእኔ ቀኝ ነው። ሁለታችንም ትክክል ነበርን። ጀልባዋ ግን ሸምበቆ ውስጥ ናት።

ከሸምበቆው ስንወጣ ከኪሴ ቀይ ጨርቅና አረንጓዴ ጨርቅ አወጣሁ። ለፎቶ ብዬ ነበር የያዝኳቸው። ቀዩን በጀልባዋ ግራ ጠርዝ፣ አረንጓዴውን በቀኙ አሰርኩ። በቦውላይን። «ካሁን በኋላ ግራ ቀኝ አትበለኝ፤ ቀይ፣ አረንጓዴ በለኝ» አልኩት። «ወደ ቀይ» ሲለኝ ቀይ ጨርቁ ወዳለበት ጎን አዞርኩ። «አረንጓዴ» ሲል ወዲያ። አንዴም አልተሳሳትንም። ግራና ቀኝ የሰው ነው፤ ሰው ዞር ሲል አብሮት ይዞራል። ፖርትና ስታርቦርድ የጀልባዋ ነው። ማንም የትም ዞሮ ቢቀመጥ ቦታውን አይለቅም። አዲስ ስም ያስፈለገው ለዚህ ነው።

ከጀልባዋ ላይ ሆኜ እህቴን መደወል ፈልጌ ነበር። እዚያ ሌሊት ነው። በድምፅ መልእክት ላክሁላት፤ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ እያለ።

ሌላም ሠራን። ፍጥነት። የባሕር ሰዎች ፍጥነትን በኖት ይለካሉ፤ ትርጉሙ ቋጠሮ ነው። ድሮ በየእኩል ርቀቱ የተቋጠረ ገመድ ከመርከቧ ኋላ ይለቁና በአሸዋ ሰዓት እየጠበቁ ስንት ቋጠሮ እንዳለፈ ይቆጥሩ ነበር። አንድ ኖት በሰዓት አንድ የባሕር ማይል ነው፣ 1,852 ሜትር። ከደሴ ኮምቦልቻ ያለው ወደ 25 ኪሎ ሜትር የሚሆነው መንገድ 13 ተኩል የባሕር ማይል ይሆናል ማለት ነው። እኛ ገመድ አልነበረንም። ከፊት ቁራጭ እንጨት ጣልኩ፣ ኋላ እስኪደርስ ቆጠርን። 5 ሰከንድ። 4 ሜትር በ5 ሰከንድ፣ አንድ ኖት ተኩል ገደማ። ልጁ «ሞተር ይሻለናል» አለ።

ሚያዝያ 23

መብራት ጠፋ። ጨለማው ለዛሬው ትምህርት የተመቸ ሆነ።

ከአሮጌ መጫወቻ የወጡ ትንንሽ አምፖሎች ነበሩኝ። ቀዩን በፖርት፣ አረንጓዴውን በስታርቦርድ፣ ነጩን ከኋላ ገጠምኩ። እያንዳንዱን በካርቶን ጋረድኩ። የጎን መብራቶች እያንዳንዳቸው ከቀጥታ ፊት ጀምሮ 112.5 ዲግሪ ያበራሉ፤ የኋላው ነጭ 135 ዲግሪ። ሦስቱን ስትደምሩ 360 ነው። ካርቶኑን ስቆርጥ ድምሩ ልክ ሲገጥም የተሰማኝን እርካታ አናጢ ብቻ ነው የሚያውቀው። በሞተር የምትሄድ ጀልባ ላይ ከፍ ብሎ የሚበራ ነጭም አለ፤ እሱን ለዛሬ ተውኩት።

ልጄ ጀልባዋን ይዞ በጨለማው ሳሎን ዞረ። እኔ ሶፋው ላይ ቁጭ ብዬ ሌላ ጀልባ ነኝ። እህቴ በስልኬ ካሜራ ታያለች። ከቀኜ መጥቶ በፊቴ ሊያቋርጥ ሲል የሚታየኝ ቀዩ መብራት ነው። ከግራዬ ሲመጣ የሚታየኝ አረንጓዴው ነው። ሕጉ ደግሞ መንገድ ስትቋረጡ ሌላዋ ጀልባ በስታርቦርድሽ በኩል ካለች አንቺ አሳልፊ ይላል። እህቴ ቀድማኝ ደረሰችበት። «ጋሼ! ቀይ ሳይ እቆማለሁ፣ አረንጓዴ ሳይ እሄዳለሁ! ልክ እንደ ትራፊክ መብራት!» ጮኸች። ቀለሞቹ እንዲሁ የተቀቡ መስለውን ነበር። ሕጉን ራሱን ይናገራሉ። በ1972 አገሮች የተስማሙበት፣ ከ1977 ጀምሮ የሚሠራ የግጭት መከላከያ ደንብ ነው፤ የትም ውኃ ላይ መሠረቱ ይኸው ነው።

ቀይና አረንጓዴ አብረው ከታዩ ፊት ለፊት እየመጣችብሽ ነው፤ ሁለታችሁም ወደ ስታርቦርድ ታጠፋላችሁ። ከሦስቱ ነጩ ብቻ ከታየ ከኋላዋ ነሽ፤ መቅደም ከፈለግሽ የመራቅ ኃላፊነቱ የአንቺ ነው። «አረንጓዴ አየሁ ብዬ ዝም ብዬ አልገባም፣ እሱ ካላየኝስ?» አለች። ደንቡም ይኼንን ይላል። መንገድ የተሰጠው ሰው መጋጨት አይፈቀድለትም።

ግንቦት 2

ዛሬ የጠብ ቀን ነበር። የፍቅር ጠብ።

ውኃ ላይ መንገድ የሚያመለክቱ ተንሳፋፊ ምልክቶች አሉ፤ ቡዪ ይባላሉ። ስምንት የሃይላንድ ጠርሙስ ሰበሰብኩ። አራቱን ቀይ፣ አራቱን አረንጓዴ ቀባሁ። ግቢው ውስጥ በሁለት ረድፍ ደረደርኳቸው። ከባሕር ወደ ወደብ ሲገባ ወይም ወንዝ ወደ ላይ ሲወጣ ቀዩ በየት በኩል ይሁን? እህቴ «በቀኝ» አለች። አጎታችን ወንበር ላይ ተቀምጠው «በግራ» አሉ። «እኔ ምጽዋ ስገባ ቀዩ በግራዬ ነበር፤ የጀልባሽም ቀይ በግራ ነው፣ ቀይ ከቀይ ጋር» አሉ። የሚያሳምን ነገር ነው። እሷ መጽሐፉን በካሜራ አሳየች። እሳቸው ተቆጡ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓለም በዚህ ጉዳይ ለሁለት ተከፍሏል። አውሮፓና አፍሪካ፣ አብዛኛው እስያና አውስትራልያም፣ ሲገባ ቀይ በግራ ያደርጋሉ። ሰሜንና ደቡብ አሜሪካ፣ ከነሱም ጋር ጃፓን፣ ኮርያና ፊሊፒንስ፣ ቀይ በቀኝ። ሁለቱም ትክክል ናቸው። አጎታችን ይኼን ሲሰሙ ዝም አሉ። ከዚያ «እንግዲህ ባገሩ ልማድ ነዋ» ብለው ተነሱና ጠርሙሶቹን ራሳቸው በእጃቸው ለካናዳ አዛወሯቸው።

እዚህ ላይ አማርኛችን ካሰን። ያ ያታለለን «ቀ» አሁን አገለገለን። ስትገቢ ቀይ በቀኝ። ለመብራቱ ልብና ደም፣ ለቡዪው ቀይ በቀኝ። የሰፈር ልጆች በጠርሙሶቹ መሃል «ቀይ በቀኝ! ቀይ በቀኝ!» እያሉ እስኪመሽ ሲሮጡ ዋሉ። ሲመለሱ ደግሞ ቀዩ በግራ እንደሚሆን አንዷ ትንሽ ልጅ ማንም ሳይነግራት ደረሰችበት።

ግንቦት 10

አለፈች። ከ50 ጥያቄ 46ቱን መለሰች። የተሳሳተቻቸውን ስታነብልኝ አንዱ ተንሳፋፊ የመወርወሪያ ገመድ ቢያንስ ስንት ሜትር መሆን አለበት የሚል ነው። 15። ያንን ነግሬያት አላውቅም፣ በገመድ ሥራ አላለፍንበትም። ዛሬ ከገበያ 15 ሜትር ገመድ ገዝቼ ከበሬ እስከ አስፋልቱ ዘረጋሁት። ፎቶ አንስቼ ላክሁላት። አሁን ታውቀዋለች።

ግንቦት 18

ነገ የመጀመሪያ ቀናቸው ነው። እኔ የሚያስጨንቀኝ ውኃው ነው። እዚያ በረዶው ከቀለጠ ብዙ አልቆየም። የማኒቶባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ጎርደን ጊስብሬክት ብርድ ውኃ ላይ ያጠኑትን አንድ፣ አሥር፣ አንድ ብለው ያስተምራሉ። ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ለወደቀ ሰው ትንፋሹን ለማረጋጋት አንድ ደቂቃ፣ እጅና እግሩ የሚታዘዙለት አሥር ደቂቃ፣ ራሱን ከመሳቱ በፊት አንድ ሰዓት። በመጀመሪያዋ ደቂቃ የሚያተርፈው የለበሰው ጃኬት ነው። መቀመጫ ሥር የተቀመጠ ጃኬት በዚያች ደቂቃ አይደረስበትም። ይኼን ሦስት ጊዜ ነገርኳት። «እሺ ጋሼ» አለች፣ ሦስቱንም ጊዜ።

ግንቦት 19

ፎቶ መጣ። ከኋላ መሪውን ይዛ ተቀምጣለች። ፀጉሯን ነፋስ በትኖታል። በግራ ጠርዝ ቀይ ጨርቅ፣ በቀኝ ጠርዝ አረንጓዴ ጨርቅ ታስሯል። የቋጠሮውን ዓይነት ለማየት ፎቶውን አጎላሁት፤ ቦውላይን ነው። ከዚያ ወደ ጃኬቷ ወረድኩ። ዚፑ እስከ አንገቷ ተዘግቷል፣ ማሰሪያውም ገብቷል።